ስንዝር ተኩል አፈር፤ የእስስት ዕንቁላልና የሰው ዕውቀት ታሪክ

ቤት ለሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚሻ ጥያቄ፣ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ማን እንደ ሆነና በውስጡም ምን ሊሠራ እንደሚያስብ ማወቅ ነው። ይህ ጥያቄ ሳይነሣ የተሠራ ቤት ግድግዳው ቢያምርም፣ ጣራው ቢጠነክርም ነዋሪውን ከመጉዳት አይመለስም። ለዚህ አባባል ምስክር የሚሆኑ ታላላቅ ሕንጻዎች ሞልተዋል። ነገር ግን ጉዳዩን አጉልቶ በማሳየት ረገድ ከእነዚያ ሁሉ የሚበልጠው፣ ቁመቷ ክንድ በማይሞላ አንዲት ፍጡር፣ በእስስት ላይ የደረሰው ነገር ነው።

የሰው ልጅ እስስትን ይዞ በቤቱ ማኖር ከጀመረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ ዕንቁላል የያዘችው እንስት በሰው እጅ ሳለች ዕንቁላሏን በሰላም ጥላ እንድትተርፍ የማድረጉ ጥበብ በሰፊው የታወቀው ከሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ እንስቶች ዕንቁላላቸውን በሆዳቸው እንደ ያዙ ሞተዋል። ለሞታቸው ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ደግሞ መርዝ ወይም ወረርሽኝ ሳይሆን የስንዝር ተኩል እርጥብ አፈር መታጣት ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቀላል የሚመስል ዕውቀት እስኪገኝ ድረስ የታለፈውን መንገድ ባጭሩ መተረክ ነው። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በስተቀር በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል።

እስስት በሀብሩ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ መንገደኛ ውርጌሳን አልፎ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከመርሳ ሲደርስ፣ ብርቱካን፣ ማንጎና ፓፓያ የሚበቅልባቸውን አትክልት ቦታዎች ያያል። ከዚያም ወደ ሰሜን ሲቀጥል የግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኝባትን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትን ሲሪንቃን ያልፍና 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደ ተቀመጠችው ወደ ወልዲያ ይወጣል። በስተምዕራብ ተራራው ወደ ደጋው ያድጋል፤ በስተምሥራቅ ምድሩ እየተዳፋ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ዝናሙም ሁለት ጊዜ፣ አንድም በበልግ አንድም በክረምት፣ ይመጣል። በመካከሉ ያለው ወቅት ደረቅ ነው።

በእንዲህ ያለው አገር በአጥር ቅጠል፣ በግራር ቅርንጫፍና በማሳ ዳር ቁጥቋጦ ላይ እስስት ብትገኝ የሚደነቅ ነገር አይደለም። የሚወዳት ግን ጥቂት ነው። ልጆች ሲያዩአት ይሸሻሉ፤ ወይም ከሩቅ ሆነው በእንጨት ይነካኳታል። አዋቂውም ቃሉን የማይጠብቅ፣ ከነፋሱ ጋር የሚዞር ሰው ሲያጋጥመው «እስስት» ብሎ ይሰድበዋል። ኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ ከርኩሳን ተንቀሳቃሾች መካከል ቆጥሯታል። በደቡብ አፍሪካ የዙሉ ሕዝብ በሚተርከው ጥንታዊ ታሪክ ደግሞ፣ የሰው ልጅ እንደማይሞት የሚያበሥረውን መልእክት ይዛ የተላከችው እስስት ስትሆን፣ በመንገድ ላይ ስትዘገይ የሞትን መልእክት የያዘው እንሽላሊት ቀድሟት ደረሰ ይባላል። እንግዲህ ይህች ፍጡር በብዙ አገር የሰውን ጥርጣሬ ተሸክማ የኖረች ናት።

በሀብሩም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ገጠር እስስትን በቤት ማሳደግ ልማድ አይደለም። ይሁን እንጂ ዕንቁላልና እናትን የመርዳት ጥበብ በየቤቱ አለ። እናቶች ዶሮ ሲያስታቅፉ፣ ጨለም ያለና ሰው የማይበዛበት ጥግ መርጠው ጭድ ያነጥፋሉ፤ ልጆች እንዳይረብሿት ያስጠነቅቃሉ፤ ታቃፊዋ ለመብልና ለውኃ ስትነሣ ብቻ ያዩአታል። የዚህ ልማድ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ለእናቲቱ የሚያስፈልጋትን ስፍራ ሰጥቶ ዞር ማለት። ይህንን የገጠር እናቶች የሚያውቁትን ፍሬ ነገር የእስስት አሳዳጊዎች ለመረዳት ረጅም ጊዜ ፈጅቶባቸዋል።

ከአሪስቶትል እስከ ፓሪስ

ስለ እስስት በጽሑፍ ከተላለፉልን ጥንታዊ ገለጻዎች መካከል ታላቁ የአሪስቶትል ነው። ፈላስፋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ እንስሳት ባዘጋጀው መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል የዓይኗን አዟዟር፣ የጣቶቿን በሁለት መከፈል፣ የአካሄዷን ዝግታና የቀለሟን መለወጥ አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ሰውነቷ ከተቀደደ በኋላ እንኳ ለብዙ ጊዜ ስትተነፍስ መታየቷን መግለጹ፣ ገለጻው በምልከታ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ያስረዳል። ከእርሱ በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተነሣው ሮማዊው ፕሊኒ ግን እስስት የምትኖረው አየር ብቻ እየተመገበች ነው ሲል ጻፈ። ይህ ስሕተት ከትክክለኛው ገለጻ ይልቅ ተወዳጅ ሆኖ ከ1500 ዓመታት በላይ ሲነገር ኖረ።

ስሕተቱን ለማስወገድ ከደከሙት አንዱ ፈረንሳዊው ክሎድ ፔሮ ነው። ፔሮ በትምህርቱ ሐኪም ቢሆንም የመሐንዲሶች ወገንም ነበር። የሉቭር ቤተ መንግሥት ምሥራቃዊ ገጽታና የፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ሕንጻ ከስሙ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የቪትሩቪየስን የሥነ ሕንጻ መጽሐፍም ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞ በ1673 አሳትሟል። ይኸው ሰው በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ስም የእስስትን የውስጥ አካል መርምሮ ውጤቱን በ1669 አወጣ። በዚያው ዘመን ደራሲዋ ማድሌን ደ ስኩዴሪ ከግብፅ የመጡላትን እስስቶች በቤቷ አኑራ ጠባያቸውን እየተከታተለች ጽፋለች። እስስት በአውሮፓ ቤት ውስጥ እንደ ለማዳ እንስሳ ስለ መኖሯ ከሚጠቀሱት ቀደምት ምስክርነቶች አንዱ ይኸው ነው።

በእነዚህ ሊቃውንት ክርክር ጎልተው የሚታዩት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው ምን ትበላለች የሚል ሲሆን ሁለተኛው ቀለሟ እንዴት ይለወጣል የሚል ነው። ጥያቄዎቹ መልካም ነበሩ። ሆኖም ሁለቱም የሚነሡት ከተመልካቹ አድናቆት እንጂ ከእንስሳይቱ ችግር አልነበረም።

በሌላ በኩል የዕንቁላል ጉዳይ የመሐንዲሶችን ቀልብ ቀድሞ ስቦ ነበር። የግብፅ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የዶሮ ዕንቁላል በሺህ እየቆጠሩ በትላልቅ የጭቃ ምድጃዎች ያስፈለፍሉ ነበር። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሆላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬበል የምድጃውን ሙቀት በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ ሠራ። ሙቀቱ ሲጨምር በውስጡ ያለው ፈሳሽ ተስፋፍቶ ባዜቃውን ይገፋል፤ ባዜቃውም የአየር መግቢያውን ያጠብባል፤ እሳቱም ይበርዳል። ይህ መሣሪያ የዛሬው ቴርሞስታት አባት ነው። በ1749 ደግሞ በሙቀት መለኪያው የታወቀው ፈረንሳዊ ሬኦሚር ጫጩት በሰው ጥበብ ስለ ማስፈልፈል መጽሐፍ አሳተመ። ከዚህ እንደምንረዳው የሰው ልጅ አስቀድሞ የተማረው ከተጣለ በኋላ ያለውን ዕንቁላል መንከባከብ ነው። ዕንቁላሉ ከመጣሉ በፊት እናቲቱ የምትሻውን ነገር መጠየቅ ግን ገና ነበር።

የኢትዮጵያ ድርሻ

የኢትዮጵያ እስስቶች በዘመናዊው ሳይንስ መዝገብ መግባት የጀመሩት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። የፍራንክፈርት ተወላጅ የሆነው ኤድዋርድ ሩፔል በ1831 ምጽዋ ደርሶ በሰሜን ተራሮች በኩል እስከ ጎንደር ከተጓዘ በኋላ የሰበሰባቸውን ልዩ ልዩ እንስሳት በትውልድ ከተማው ወደሚገኘው ወደ ዜንከንበርግ ሙዚየም ወሰደ። በ1845ም ዛሬ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ተብላ የምትጠራውን የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች እስስት ለዓለም አስተዋወቀ። በሃያኛው መቶ ዓመት ማልኮልም ላርገን ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያን ተሳቢ እንስሳት ሲያጠና ቆይቶ፣ ከስቲቨን ስፖልስ ጋር በ2010 ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ተሳቢና እንቁራሪት መሰል እንስሳት ሰፊ መጽሐፍ አሳትሟል። በባሌ ተራሮችና በሐረና ደን ብቻ በ1995፣ በ1998 እና በ2021 ሦስት አዳዲስ የእስስት ዝርያዎች መገለጻቸው፣ የአገሪቱ ሀብት ገና ተቆጥሮ እንዳላለቀ ያሳያል።

ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ሌላ ነጥብ፣ እስስቶች ሁሉ ዕንቁላል የማይጥሉ መሆናቸው ነው። የኢትዮጵያዪቱ አፊኒስ ከምትመደብበት ወገን ውስጥ ዕንቁላል የሚጥሉም፣ ልጅ የሚወልዱም ይገኛሉ። ለምሳሌ በኬንያ ደጋ የምትኖረው ባለ ሦስት ቀንዷ የጃክሰን እስስት የምትወልድ ናት። ሊቃውንት ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ቅዝቃዜ ነው። በደጋ የሚቀበር ዕንቁላል በቀዝቃዛው አፈር ውስጥ እድገቱ ይጓተታል። እናቲቱ ግን ጽንሱን በሆዷ ይዛ ጠዋት ፀሐይ በመሞቅ የተሻለ ሙቀት ልትሰጠው ትችላለች። በሌላ አነጋገር በቆላው አፈሩ የሚሠራውን ሥራ በደጋው የእናት ሆድ ይሠራዋል ማለት ነው። ከደጋ እስከ ቆላ በአንድ ቀን ጉዞ የሚታይበት የሰሜን ወሎ ምድር ይህን አስተሳሰብ ለመረዳት የተመቸ ነው።

በሽቦ ቤት ውስጥ የደረሰው ጥፋት

በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከአፍሪካና ከማዳጋስካር በርካታ እስስቶች እየተያዙ ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ ይጫኑ ጀመር። ከተያዙት መካከል ዕንቁላል የያዙ እንስቶች ነበሩ። ረጅሙን ጉዞ በጥማትና በጭንቀት አልፈው የደረሱትም ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። የንግዱ ብዛት ስላሳሰበ፣ በመጥፋት አደጋ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት በ1975 ሥራ ላይ በዋለ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1977፣ እስስቶች በስምምነቱ ሁለተኛ ሠንጠረዥ እንዲገቡ ተደረገ። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1989 ተቀብላለች። በ1995 ደግሞ ከአራት ዝርያዎች በቀር የማዳጋስካር እስስቶች ንግድ ታገደ።

ይህ ቁጥጥር እስስትን በሰው እጅ ማራባት የግድ እንዲሆን አደረገ። ለዚህም አመቺ ሆና የተገኘችው ከቀይ ባሕር ማዶ ያለችው፣ በ1851 ሁለቱ ፈረንሳውያን ዱሜሪሎች የገለጿት፣ በራሷ ላይ እንደ ቆብ ያለ ከፍተኛ ጉልላት የተሸከመችው የየመን እስስት ነበረች። የየመን ተራራማ አገር እንደ ወሎ ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናም የሚያገኝ በመሆኑ፣ ፍጡሯ ሙቀትንም፣ ድርቀትንም፣ ዝናምንም የለመደች ናት። እንስቲቱ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 70 የሚደርስ ዕንቁላል ትጥላለች። ልክ እንደ ዶሮ ተባዕት ሳያገኛትም ዕንቁላል ልትይዝ ትችላለች፤ በመሆኑም ብቻዋን ያለች እንስት የያዘ ሰው እንኳ ከጉዳዩ ሊያመልጥ አይችልም።

አሳዳጊዎቹ ቤት ሲሠሩላት ያሰቡት በዛፍ ላይ የምትኖር መሆኗን ብቻ ነበር። ስለሆነም ቁመቱ ረጅም፣ ግድግዳው የሽቦ ወንፊት፣ ውስጡ ቅርንጫፍ የሞላበት ቤት አዘጋጁ። ወለሉን ለጽዳት እንዲመች ብለው ባዶ አደረጉት፤ ወይም ወረቀት አነጠፉበት። ሐሳቡ በመሠረቱ ስሕተት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር እንጂ። በዛፍ የምትኖረው እስስት በሕይወቷ ውስጥ ወደ መሬት እንድትወርድ የሚያስገድዳት ታላቅ ጉዳይ አለባት፤ ይኸውም ዕንቁላሏን መቅበር ነው። ጊዜዋ ሲደርስ መብል ትተዋለች፤ ከቅርንጫፉ ወርዳ ወለሉን ትዞራለች፤ ማዕዘን ማዕዘኑን ትቧጭራለች፤ ሽቦውን ይዛ ለመውጣት ትታገላለች። ይህንን ያየ አሳዳጊ ታማለች ወይም ማምለጥ ፈልጋለች ብሎ ወደ ቅርንጫፏ ይመልሳት ነበር። እርሷም የሚስማማት ስፍራ ሳታገኝ ስትቀር ዕንቁላሏን ትይዛለች። ቀናት ሲያልፉ ኃይሏ ይደክማል፤ ዓይኗ ይከደናል፤ በመጨረሻም ትሞታለች።

የስፍራ መታጣት ብቸኛው ምክንያት እንዳልነበረ መናገር ይገባል። ዕንቁላሉን የሚገፋው ጡንቻ ካልሲየም ይሻል፤ የዕንቁላሉ ልባስም እንዲሁ። ካልሲየም ከመብል ወደ ደም የሚገባው ደግሞ በቫይታሚን ዲ ረዳትነት ሲሆን፣ ይህ ቫይታሚን በቆዳ ውስጥ የሚሠራው በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። የመስኮት መስተዋት ሙቀቱን እያሳለፈ ጨረሩን ስለሚያስቀር፣ በመስተዋት በስተኋላ ፀሐይ የምትሞቅ እስስት ሞቃ ሳለ ትራባለች ማለት ይቻላል። በአሜሪካ የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጋሪ ፈርጉሰንና ባልደረቦቹ በማዳጋስካር እስስቶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ እንስሶቹ በመብላቸው ያገኙት ቫይታሚን ሲያንስ ለጨረር የሚጋለጡበትን ጊዜ በራሳቸው እንደሚያረዝሙ በ2003 አሳይተዋል። ርኅራኄ መስሎ የሚታየው ከመጠን በላይ ማጥገብም ይጎዳል፤ ብዙ የበላች እንስት ከአቅሟ በላይ ብዙ ዕንቁላል ትይዛለችና። ውኃ ማጣትም እንደዚሁ ነው። በእነዚህ ምክንያቶች ዕንቁላሏ የታገደባትን እንስት የእንስሳት ሐኪም በካልሲየምና ማሕፀንን በሚያኮማትር መድኃኒት፣ ያ ካልሆነም በቀዶ ጥገና ሊረዳት ይችላል። ሆኖም ትልቁ መድኃኒት አስቀድሞ የሚዘጋጅ አፈር ሆኖ ተገኘ።

የአሸዋው ምስጢር

ከብዙ ሙከራና ከብዙ ሞት በኋላ አሳዳጊዎች የተስማሙበት መፍትሔ እጅግ ቀላል ነው። ስፋቱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ስንዝር ተኩል ያህል የሆነ ዕቃ ይዘጋጃል፤ ንጹሕ አሸዋ፣ ወይም አሸዋና አፈር ተቀላቅሎ ይሞላበታል፤ በልክ ይርሳል፤ ጠቅጠቅ ይደረጋል፤ ከዚያም ቀኗ ሳይደርስ አስቀድሞ በቤቷ ውስጥ ይቀመጣል።

«በልክ ይርሳል» የሚለው ቃል ለመሐንዲስ ትርጉሙ ከባድ ነው። እስስቲቱ የምትሠራው ጉድጓድ ብቻ አይደለም፤ ሰውነቷን የሚያስገባ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ነው። በፊት እግሮቿ እየቧጨረች በራሷ በኩል ትገባለች፤ ከመጨረሻው ስትደርስ ትዞርና ዕንቁላሏን ትጥላለች። ድጋፍ የላትም፤ ግንብ የላትም። መተላለፊያው እንዲቆም የሚያደርገው የአሸዋው ባሕርይ ብቻ ነው። ደረቅ አሸዋ እርስ በርሱ ስለማይያያዝ ዳገቱ ከተወሰነ ማዕዘን በላይ ሊቆም አይችልም፤ ስትቆፍር ይናድባታል። ውኃ የጠገበ አሸዋም እንደዚሁ ይፈሳል። በሁለቱ መካከል ያለው እርጥብ አሸዋ ግን በቅንጣቶቹ መገናኛ ላይ የቀረችው ጥቂት ውኃ እርስ በርስ ስለምትስባቸው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ ካርል ቴርዛጊ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ መሠረቱን የጣለለት የአፈር ሜካኒክስ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ነው። የጉድጓድ ውኃ የሚቆፍር የሀብሩ ገበሬም ሆነ በመንገድ ሥራ ላይ የሚገኝ ካቦ በልምድ ያውቀዋል።

ስለሆነም የአሳዳጊዎች መፈተኛ የገበሬ መፈተኛ ነው። አሸዋው በእጅ ሲጨበጥ ተያይዞ መቅረት አለበት፤ ከጣት መካከል ውኃ ሊንጠባጠብ ግን አይገባም። በጣት ሲወጉት ቀዳዳው ሳይናድ ከቆመ ለእስስቲቱ የተስማማ ነው። አፈሩ እየናደባት ያስቸገራት እንስት ቁፋሮዋን ትታ ሌላ ስፍራ ትፈልጋለች፤ በሽቦ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ስፍራ የለም።

ከአፈሩ ቀጥሎ የተገኘው ሁለተኛ ዕውቀት ዝምታ ነው። እስስት ዓይኖቿን ለየብቻ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የምታዞር በመሆኗ፣ ከሩቅ የቆመን ሰው ታያለች። በቁፋሮ ላይ ሳለች ሰው መኖሩን ካወቀች ሥራዋን ታቆማለች፤ ጀምራ የተወችውንም ላትመለስበት ትችላለች። በዚህ ምክንያት ልምድ ያለው አሳዳጊ ቤቷን በጨርቅ ከልሎ ይርቃል። ሥራው አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ጨርሳ ስትወጣ አፈሩን መልሳ ትሞላለች፤ በእግሯም ትጠቀጥቃለች። ይህን እስክትፈጽም ድረስ ሊያነሣት አይገባም። ሥራዋን ስትጨርስ ከስታና ጎኗ ገብቶ ትታያለች፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልጋት ውኃና መብል ነው። ከዚህ የተነሣ የአውሮፓና የአሜሪካ አሳዳጊዎች ከብዙ ድካም በኋላ የደረሱበት ሥርዓት፣ የወሎ እናት ዶሮ ስታስታቅፍ ከምትከተለው ሥርዓት ጋር ተመሳሳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከተቀበረ በኋላ

የእስስት ዕንቁላል ከዶሮ ዕንቁላል በብዙ ነገር ይለያል። ልባሱ እንደ ኖራ የጠነከረ ሳይሆን እንደ ብራና የለሰለሰ በመሆኑ ከአፈሩ ውኃ ይስባል፤ እያደገም ይሄዳል። የዶሮ ዕንቁላል በ37 ዲግሪ ተኩል ሙቀት ገደማ በ21 ቀን ይፈለፈላል፤ ለመፈልፈል ሦስት ቀን ገደማ እስኪቀረውም ድረስ መገላበጥ ያስፈልገዋል። የእስስት ዕንቁላል ግን ከተጣለበት አኳኋን ሊገለበጥ አይገባም፤ ጽንሱ በልባሱ ላይ ተጣብቆ ስለሚያድግ ቢገለበጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ዕንቁላሉን የሚያወጣ ሰው የላይኛውን ገጽ በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ በረጠበ ቨርሚኩላይት ላይ እንደ ነበረ ያኖረዋል። የየመን እስስት ዕንቁላል ከ26 እስከ 28 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት ለመፈልፈል ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል።

ይህ ረጅም ጊዜ ለምን እንዳስፈለገ የመረመረችው የአሜሪካዪቱ ቨርጂንያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሮቢን አንድሩስ ናት። እርሷና የሥራ ባልደረባዋ በ2004 ባወጡት ጥናት እንዳስረዱት፣ የየመን እስስት ዕንቁላል ሲጣል በውስጡ ያለው ጽንስ ገና በመጀመሪያው የእድገት ደረጃ ላይ ነው፤ ከተጣለም በኋላ ለሳምንታት እድገቱን ገትቶ ይቆያል። ጽንሱ የሞተ መስሎ ይተኛል እንጂ አልሞተም። በ2008 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በማዳጋስካር የምትኖር ላቦርዲ የተባለች እስስት ከአንድ ዓመት ዕድሜዋ ስምንቱን ወይም ዘጠኙን ወር በዕንቁላል ውስጥ እንደምታሳልፍና፣ ከተፈለፈለች በኋላ የምትኖረው አራት ወይም አምስት ወር ብቻ መሆኑን ገለጹ። ለእንዲህ ያለችው ፍጡር ሕይወት ማለት በአብዛኛው አፈር ውስጥ መቆየት ነው። የዝናሙን መምጣት የምትጠብቀው ከመሬት በታች ሆና ነው።

ዕውቀቱ ከተስፋፋ በኋላ የየመን እስስት በብዙ አገር በሰው እጅ የምትራባ እንስሳ ሆነች። ስኬቱም የራሱን ችግር አስከተለ። በፍሎሪዳና በሃዋይ ከሰው ቤት ያመለጡ ወይም የተለቀቁ እስስቶች በዱር ተራብተው ለአገሩ ነባር ፍጥረታት ስጋት ሆኑ። ማርባትን ማወቅ፣ መቼና የት ማርባት እንደማይገባ ከማወቅ ጋር ካልተያያዘ ጎደሎ መሆኑን ይህ ያስተምራል።

ለሙያው የቀረ ትምህርት

በኢትዮጵያ ሕግ የዱር እንስሳትን መያዝ ያለ ፈቃድ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ዓ.ም. ይህንን ይመለከታል። ከዚህም ሌላ በሀብሩ ምድር እስስትን ለመርዳት ሽቦ ቤት ማበጀት አያስፈልግም፤ ቤቷ አጥሩና ማሳ ዳሩ ነውና። የሚያስፈልገው አፈሯን አለመንፈግ ነው።

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሱት የረሃብ ዘመናት ካለፉ ወዲህ በወሎ ተራሮች ላይ ብዙ እርከን ተሠርቷል፤ ቦረቦሮች ታግደዋል፤ ተዳፋቶች ከእንስሳት ንክኪ ተከልለው ቁጥቋጦ እንዲያለብሱ ተደርጓል። ይህ ሥራ የታሰበው ለሰውና ለእህል ቢሆንም፣ እርጥበት የያዘ፣ የማይናድና በጥላ ሥር ያለ አፈር ለብዙ ፍጡራን መቅበሪያና መፈልፈያ መሆኑ የታወቀ ነው። በአንጻሩ መንገድ ሲሠራ እስከ ሥሩ የሚመነጠር ዳርቻ፣ ቦይ ሲጠረግ ተገላብጦ የሚደፋ አፈር፣ አጥር ሲፈርስ በስሚንቶ የሚተካ ግንብ፣ ማንም ሳያየው ለወራት ተቀብሮ ዝናም የሚጠብቀውን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ሁሉን ማዳን አይቻልም። ነገር ግን ከሚያስፈልገው በላይ አለመመንጠር፣ በሥራው ዳርቻ ጥቂት ቁጥቋጦ መተው ለአንድ የሥራ ኃላፊ ወጪው እጅግ ትንሽ ነው።

በመርሳ የአትክልት ቦታው ውስጥ መሬት ላይ ወርዳ የምትቆፍር እስስት ያገኘ ሰው የሚያደርግላት እርዳታ ከሁሉም የቀለለ ነው። ልጆቹን ይከልክል፤ ውሻውን ይሰር፤ ርቆ ይቁም። ጨርሳ ስትሄድ በስፍራው ሁለት ሦስት ድንጋይ ለምልክት አኑሮ፣ ለወራት በዶማ እንዳይነካ ያድርግ። ከአሪስቶትል ጀምሮ የተደከመበት ዕውቀት በተግባር ሲተረጎም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የሽቦውን ቤት የሠሩት ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ እንስሳይቱን የሚወዱ ነበሩ። ቅርንጫፍ ሰጧት፤ ብርሃን ሰጧት፤ መብል ሰጧት። ያልሰጧት ያልጠየቁትን ነው። እርሷም በምትችለው ቋንቋ፣ ወለሉን በመቧጨር፣ ስትነግራቸው ቆይታለች። ዛሬም በማናቸውም ሥራ ላይ የተሰማራ ባለሙያ፣ የሠራው ቤት ነዋሪ ወለሉን ሲቧጭር ባየ ጊዜ፣ ወደ ቅርንጫፉ ከመመለሱ በፊት ምን እንደ ጎደለው መጠየቅ ይገባዋል።